ማን ይቅደም? የነርሷ ዳኝነት በድንገተኛ ክፍል በር ላይ

በመንግሥት ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍል በር ላይ የማይቋረጥ አንድ ክርክር አለ። ከንጋት ጀምሮ ካርድ አውጥቶ ተራውን የሚጠብቅ ሰው፣ አሁን የደረሰ ታካሚ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ ከፊቱ ሲያልፍ ያያል። «እኛስ ሰው አይደለንም?» ይላል። ነርሷ ትመልሳለች፤ ግን ምክንያቱን ዘርዝራ ለማስረዳት ጊዜ ስለሌላት መልሷ አጭር ነው፣ አንዳንዴም ቁጣ ይመስላል። ሰውየው ከውሳኔው ጀርባ ዘመድ፣ ገንዘብ ወይም ትውውቅ ይጠረጥራል። ብዙ መሥሪያ ቤት ሰው ያለው ሲቀድም ያየ ሕዝብ ሆስፒታል ሲደርስ ያንኑ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ በሩ ላይ የሚሰጠው ውሳኔ በትክክል ሲሠራ ከትውውቅ ጋር ምንም አያገናኘውም። የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ መለኪያና የራሱ ታሪክ ያለው የሕክምና ሥራ ነው። ነርስ ይህን ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን አላት ወይ የሚለው ጥያቄም በአገራችን ከነርስነት ሙያ ጋር አብሮ የኖረና እስከ ዛሬም ያልተቋጨ ነው።

ተራ መጠበቅ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ወፍጮ ቤትም ሆነ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቀድሞ የመጣ ይቀድማል፤ ይህን የሚጥስ ይወገዛል። ችግሩ ቀድሞ መምጣት ስለ ሰውነት ሁኔታ የሚነግረን ነገር አለመኖሩ ነው። ሁለት ሰዓት ሲጠብቅ የቆየው ሰው ሌላ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ምንም ላይሆን ይችላል፤ አሁን የገባው ግን አሥር ደቂቃ ላይኖረው ይችላል። ይህን የመለየት ሥራ በሆስፒታሎቻችን ትሪያጅ ይባላል። ሐሳቡ የተወለደው በጦር ሜዳ ነው፤ የናፖሊዮን ጦር ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ ቁስለኞች በማዕረጋቸው ሳይሆን በጉዳታቸው ክብደት ቅደም ተከተል እንዲታከሙ አደረገ። ወደ ሲቪል ሆስፒታሎች ገብቶ መልክ የያዘው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። እንግሊዞች በማንቸስተር፣ አሜሪካኖችም በአገራቸው ባለ አምስት ደረጃ መለያ አበጁ።

ለእኛ ቅርብ የሆነው የደቡብ አፍሪካው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በኬፕ ታውን የተሰባሰቡ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች፣ ሐኪም በማይበቃበትና መሣሪያ በማይሟላበት ቦታ ነርስ ብቻዋን ልትሠራበት የምትችል መለያ ማዘጋጀት ጀመሩ። ሌሎቹ መለያዎች ብዙ ልምድ ያላት ነርስ እንዳለች ይገምታሉ፤ ይኸኛው ግን ከሚለኩ ነገሮች ይነሳል። በኢትዮጵያ በርካታ ሆስፒታሎች ለአዋቂ ታካሚዎች የሚሠሩበት ቅጽ ከዚህ የተቀዳ ነው። ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ አረንጓዴ ደግሞ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት ያለበት ነው።

ቀለሙ እንዴት እንደሚሰጥ በምሳሌ ማየት ይሻላል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ገቡ እንበል። አንደኛው ከሞተር ሳይክል ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ወጣት ነው። ስብራቱ ቆዳውን አልቀደደም፣ ክንዱ በሻሽ ታስሯል፣ ሕመሙን ይችለዋል፤ የሚጮኹት አብረውት የመጡት አምስት ጓደኞቹ ናቸው። ሁለተኛው የ62 ዓመት አባት ናቸው፤ ልጃቸው ደግፋ አምጥታቸዋለች። ነርሷ «አባቴ፣ እንዴት ነዎት?» ስትላቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ትንሽ ደክሞኝ ነው» ይላሉ።

ነርሷ ትለካለች። ወጣቱ በደቂቃ 18 ጊዜ ይተነፍሳል፤ 1 ነጥብ። የልብ ምቱ 104 ነው፤ 1 ነጥብ። የላይኛው ግፊቱ 130፣ ሙቀቱ ደህና፣ ንቁ ነው፣ በእግሩ ይሄዳል፤ ለእነዚህ ሁሉ ዜሮ። አደጋ ስለደረሰበት 1 ይጨመርለታል። ድምሩ 3 ነው፤ ቢጫ። አባትየው በደቂቃ 24 ጊዜ ይተነፍሳሉ፤ 2። የልብ ምታቸው 118፤ 2። የላይኛው ግፊታቸው 98፤ 1። ሙቀታቸው 36.8፣ ንቃታቸው ሙሉ፤ ዜሮ። ተደግፈው ስለሚሄዱ 1። ድምሩ 6 ነው፤ ብርቱካናማ። ዝም ያሉት አባት በ10 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለባቸው፤ ጫጫታ የከበበው ወጣት እስከ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

እስከዚህ ድረስ የቁጥር ሥራ ነው፤ በሥልጠና የሚገኝ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የነርሷ አእምሮ ሥራ ነው። «ትንሽ ደክሞኛል» የሚለውን ቃል ከአንድ አዛውንት አፍ ስትሰማ እንዳለ አትቀበለውም። በዚህ አገር ሰው ሕመሙን ለማያውቀው ሰው አያወጣም፤ ለሰላምታ የሚመለስ ምስጋና ከሕመሙ ይቀድማል። ስለዚህ ሌላ ትጠይቃለች። ሰገራዎ ምን ይመስላል? የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ለጉልበት ሕመም ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ዳይክሎፌናክ ለሳምንታት ሲወስዱ እንደቆዩና ሰገራቸው እንደጠቆረ ልጃቸው ትናገራለች። ያን ጊዜ ድካም የተባለው ነገር በጨጓራ ውስጥ የሚፈስ ደም ሊሆን እንደሚችል ነርሷ ትረዳለች። የመድማት ጥርጣሬውን ለሐኪሙ ትናገራለች፣ የደም ሥር ትከፍታለች፣ የደም ዓይነት እንዲመረመር ናሙና ትወስዳለች።

የቁጥሩ መለኪያ የሚሳሳትበት ቦታ አለ፤ ይህን ሁሉም የትሪያጅ ባለሙያ ያውቃል። ለግፊት አቴኖሎል የሚወስድ ሰው ደም እየፈሰሰውም ልቡ ላይሮጥ ይችላል። ወደ ውስጥ የሚደማ ጤነኛ ወጣት ግፊቱን ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆይና በድንገት ይወድቃል። ሰክሯል ተብሎ ጥግ ላይ የተተወ ሰው የደም ስኳሩ ሲለካ ከ54 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሆኖ ይገኛል፤ ይህ በደቡብ አፍሪካው መለያ ወዲያውኑ ቀይ ነው፤ የጣት ጠብታ ደም ለመውሰድ ግን መጀመሪያ የሰውየውን ስካር መጠራጠር ያስፈልጋል። መለያውም ይህን ስለሚያውቅ ልምድ ያለው ባለሙያ ከነጥቡ በላይ ከፍ አድርጎ ቀለም የመስጠት ሥልጣን አለው። ያ ሥልጣን ነው ብዙ ቦታ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረው።

ስለ ሕጻናት ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሕጻን ስለራሱ አይናገርም፣ ሲወድቅም በፍጥነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የሕጻናት አስቸኳይ መለያ በኢትዮጵያም ሥልጠና የሚሰጥበት ነው። አየር መንገዱ ክፍት ነው? በደንብ ይተነፍሳል? እጁ ቀዝቅዞ፣ ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ደሙ ለመመለስ ከ3 ሴኮንድ በላይ ይፈጃል? ራሱን ስቷል ወይም እየተንቀጠቀጠ ነው? ተቅማጥ ካለው ሰውነቱ ውኃ ክፉኛ አጥቷል? ከእነዚህ በአንዱ ላይ ችግር ካለ ካርድ አይጠበቅም፤ ሕክምናው እዚያው ይጀመራል። በማላዊ፣ ብላንታየር በሚገኘው ትልቁ የኩዊን ኤልዛቤት ሆስፒታል በዚህ መንገድ የሕጻናት ድንገተኛ ክፍል እንደገና ሲደራጅ፣ ቀድሞ ከ10 እስከ 18 በመቶ ይደርስ የነበረው የተኝተው ታካሚ ሕጻናት ሞት ከ6 እስከ 8 በመቶ ወደሚሆን ዝቅ ብሏል። ይህ ለውጥ የመጣው በውድ መሣሪያ አይደለም፤ በዋናነት የሥራውን አካሄድ በማስተካከልና ሠራተኞቹን በማሠልጠን ነው።

በእኛ አገር መጠበቂያ ክፍል ደግሞ የሚያሳስበው በእናቱ ጀርባ ላይ በአንቀልባ የታዘለው ሕጻን ነው። የሚያለቅስ ሕጻን ሁሉም ይሰማዋል፤ እናቱ «ተኝቶልኛል» ያለችው ግን አንዳንዴ የተኛ አይደለም፤ ዝሏል። ጥሩ የትሪያጅ ነርስ ሕጻኑ ከጀርባ እንዲወርድ፣ ልብሱ እንዲገለጥ ታደርጋለች፤ የደረቱን እንቅስቃሴ ታያለች፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕጻን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ሰልፍ በበዛበት ጠዋት አንድ ደቂቃ ቆማ ትንፋሽ መቁጠሯ ሥራ ያቆመች ያስመስላታል። በእኔ እምነት ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ከሚደረጉት ነገሮች ሁሉ የላቀው ይህ ነው።

ትንፋሽ በአዋቂዎች ዘንድም ከሁሉም በላይ ችላ የተባለ መለኪያ ነው። ግፊትና ሙቀትን መሣሪያ ይለካል፤ ትንፋሽን የሚቆጥረው ግን ሰው ነው። ስለዚህ በብዙ ቻርት ላይ ለሁሉም ታካሚ «20» ወይም «22» ተጽፎ ይገኛል። ይህ ልማድ ሰው ይገድላል። የሰውነት መበላሸት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በትንፋሽ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ልባቸው የቆመ 64 ታካሚዎችን መዝገብ ተመልክቶ፣ 84 በመቶ የሚሆኑት ልባቸው ከመቆሙ በፊት ባሉት 8 ሰዓታት ውስጥ ሁኔታቸው እየተባባሰ እንደነበር ወይም አዲስ ሕመም እንደተናገሩ በመዝገባቸው ላይ ሰፍሮ አገኘ። ምልክቱ ተጽፎ ነበር፤ ያነበበው ወይም በጊዜው የተረዳው ሰው አልነበረም። ዛሬ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች የሚሠራበት ነጥብ እየደመሩ ማስጠንቀቅ ከዚህ ዓይነቱ ግኝት የመጣ ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው፣ ብዙም ወደማይነገርለት ቦታ ይወስደናል፤ ወደ ተኝቶ ሕክምና ክፍል። እዚያ ቅድሚያ የመስጠት ሥራ በየሰዓቱ ነው። የማታ ተረኛዋ ነርስ ርክክብ ስትወስድ ብዙ አልጋ ይጠብቃታል። አንዱ አንቲባዮቲክ የሚሰጠው በስድስት ሰዓት ነው፣ የሌላው ግሉኮስ አልቋል፣ የአንዷ አስታማሚ አንሶላ እንዲቀየር ትጠይቃለች፣ ቀዶ ጥገና የተደረገላት እናት ውኃ ጠማኝ ትላለች፣ ትቁነጠነጣለች። ከእነዚህ ማን ይቅደም?

የመጨረሻዋ። ጥማትና መቁነጥነጥ ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው፤ ትናንት ማታ በቀዶ ጥገና ለወለደች ሴት ግን የመድማት ምልክት ሊሆን ይችላል። ግፊቷ 110 በ70 ነው፤ ለብቻው ሲታይ ደህና። የልብ ምቷ 120 ነው። የልብ ምቱን ለላይኛው ግፊት ስናካፍለው ከ1 በላይ ይሆናል፤ በወላዶች ላይ ይህ ቁጥር ከ0.9 ሲያልፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወጣት እናት ብዙ ደም አጥታም ግፊቷን ይዛ ትቆያለች። ግፊት ብቻ ያየች ነርስ «ስቴብል ናት» ብላ ታልፋለች፤ የልብ ምቱንና ጥማቱን አገናኝታ ያየችው ግን አንሶላውን ገልጣ ደም ትፈልጋለች፣ ማሕፀኗ መጠንከሩን በእጇ ትፈትሻለች፣ ሐኪሙን ትጠራለች። ሁለቱም ነርሶች ቁጥሩን በትክክል ለክተዋል። አሜሪካዊቷ የነርስነት ምሁር ክሪስቲን ታነር እ.ኤ.አ. በ2006 የነርስ ዳኝነትን ማስተዋል፣ ትርጉም መስጠት፣ እርምጃ መውሰድና የሠሩትን መለስ ብሎ መመርመር ብላ ያስቀመጠችው ይህንኑ ነው። እዚህ ልዩነቱ የመጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የሥልጣን ጥያቄ ይነሳል። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ነርስነት ከጅምሩ ሁለት ፊት ነበረው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕጻናት ሆስፒታል ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነርስ ሆነው ተመረቁ። ከነጻነት በኋላ አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ እ.ኤ.አ. በ1942 ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ነቀምት ላይ አረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው። በዚያ ዘመን በከተማ ሆስፒታሎች የሠለጠነች ነርስ ከውጭ አገር ሐኪም ጎን የምትቆም፣ ትእዛዝ በጥንቃቄ የምትፈጽም ባለሙያ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ግን ሌላ ዓላማ ነበረው። ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ በቡድን ሐኪም ወደማይደርስበት ጤና ጣቢያ ላከ። እዚያ የሄደች ነርስ ትእዛዝ የምትጠብቅበት ሰው የላትም። ምጥ የያዛትን ሴት እዚሁ ላዋልዳት ወይስ ወደ ሆስፒታል ልላካት የሚለውን በሌሊት ብቻዋን ትወስናለች። ይህ ሁለትነት ዛሬም አለ። ያቺው ነርስ በገጠር ጤና ጣቢያ ሳለች ዳኛ ናት፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ስትዛወር «ሐኪሙ ይወስን» ትባላለች። ዕውቀቷ አልቀነሰም፤ የተለወጠው የቆመችበት ቦታ ነው። ይህ አግባብ ነው ብዬ አላምንም።

ለውጥ የለም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ትሪያጅን የሆስፒታል ግዴታ አድርጎታል። በዚያው ዓመት አካባቢ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞችን፣ በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርስነት ደግሞ ነርሶችን በሁለተኛ ዲግሪ ማሠልጠን ጀመረ። የጎደለው ነገር ንግግሩ ላይ ነው። ነርስ ለሐኪም ስትደውል አራት ነገር በቅደም ተከተል እንድታቀርብ ትሠለጥናለች፤ የተፈጠረውን ሁኔታ፣ የታካሚውን ዳራ፣ የእሷን ግምገማ፣ በመጨረሻም ይደረግ የምትለውን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀላል ናቸው። «ዶክተር፣ እየደማች ይመስለኛል፤ አሁን መጥተህ እንድታያት እፈልጋለሁ» ማለት ግን ታላቅን ማዘዝ በማይደፈርበት ባህል ውስጥ ላደገ ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ ነርሷ «ዶክተር፣ ልብ ምቷ 120 ነው» ብላ ትተዋለች፤ ሐኪሙም «እሺ፣ ተከታተያት» ይላል። ሁለቱም ሥራቸውን የሠሩ ይመስላቸዋል።

ዳኝነት ጊዜም ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዋ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎች ላይ ያሳተሙት ጥናት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ታካሚዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ እንደሚጨምር አሳየ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሕግ አውጥታ ከ2004 ጀምሮ ለአንድ ነርስ የሚመደበውን የታካሚ ቁጥር ወሰነች፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሁለት፣ በቀዶ ጥገናና በውስጥ ደዌ ክፍል ደግሞ ኋላ ላይ አምስት። በእኛ ተኝቶ ክፍል የአንዲት የማታ ተረኛ ድርሻ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። አስታማሚ የሚያጥበው፣ የሚመግበው፣ የሚያገላብጠው ለዚህ ነው። አስታማሚ ግን ትንፋሽ አይቆጥርም። ስለዚህ «ነርሶቹ ያላስተዋሉት ግዴለሽ ስለሆኑ ነው» የሚለው ወቀሳ፣ አንዳንዴ እውነት ቢኖረውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ስለ አልጋው ብዛት መጠየቅን ይዘላል።

አሜሪካ ገብተው የነርስነት ፈቃድ ፈተና ለሚወስዱ ኢትዮጵያውያንም ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ እንግዳ አይደለም። «ነርሷ መጀመሪያ ማንን ትየው?» የሚለው የፈተናው የታወቀ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ፈተናው በአዲስ መልክ የቀረበ ሲሆን፣ የአንድን ታካሚ ታሪክ እያስነበበ ምልክት ከመለየት እስከ ውጤት መመዘን ያለውን ዳኝነት ደረጃ በደረጃ ይፈትናል። በአገራቸው ብዙ ዓመት የሠሩ ነርሶች እዚህ ሲቸገሩ ችሎታቸው ማነስ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ፈተናው የሚያውቀው ሆስፒታል ኦክስጅኑ ከግድግዳ የሚወጣበት፣ መድኃኒቱ ከክፍሉ መደርደሪያ የሚነሳበት ነው። አስታማሚ መድኃኒት ገዝቶ እስኪመጣ ድረስ ታካሚ ማቆየትን የለመደ አእምሮ ሌላ ዓይነት ቅደም ተከተል ሠርቶ ኖሯል። ያም ዳኝነት ነው፤ ብዙ ጊዜም የበለጠ ከባድ ነው።

ምን ይደረግ ለሚለው የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። ትሪያጅ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ተመራቂ ወይም ተለማማጅ ተማሪ ብቻውን መቀመጥ የለበትም፤ ቦታው በክፍሉ ልምድ ላላት ነርስ ነው። ከነጥቡ በላይ ቀለም ከፍ ያደረገች ነርስ ምክንያቷን በአንድ መስመር ትጻፍ፤ ስህተት ሆኖ ቢገኝም አትቀጣበት። ከመጠን በላይ ቅድሚያ መስጠት የሚያስከፍለው ጊዜ ነው፤ ሳይቀድም የቀረው ሰው ግን ሊሞት ይችላል። የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በአደጋ ሕክምና ዝቅ ተደርገው የሚመደቡ ከባድ ጉዳተኞችን ከ5 በመቶ በታች ለማድረግ ሲል፣ ከፍ ተደርገው የሚመደቡት እስከ 35 በመቶ ቢደርሱ የሚታገሠው ለዚህ ነው። የሚጠብቅ ታካሚም በየጊዜው እንደገና ይለካ፤ ጠዋት አረንጓዴ የተሰጠው ሰው እኩለ ቀን ላይ ብርቱካናማ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥያቄ ግን በዚህ ሁሉ አይመለስም። ማን ይቅደም የሚለው ወደ ማን ይታከም ሲለወጥስ? አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ብቻ ቀርቶ ሁለት ታካሚ ሲያስፈልገው፣ ወይም በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ አልጋ ተለቅቆ ሦስት ሰው ሲጠብቀው፣ የቀለም ቅጹ ሥራውን ጨርሷል። በዚህ ቦታ ነርስን ብቻዋን ማቆም ጭካኔ ነው። እያንዳንዱ ሆስፒታል ለዚህ ሰዓት አስቀድሞ የተጻፈ ደንብ ሊኖረው ይገባል፤ ከፍተኛ ሐኪም ስሙን የሚያሰፍርበት፣ ለቤተሰብ የሚነግረው ማን እንደሆነ የተወሰነበት፣ በማግስቱም ውሳኔው በግልጽ የሚመረመርበት። ደንቡ ሲዘጋጅም በጠረጴዛው ዙሪያ ከሚቀመጡት አንዷ፣ ሌሊቱን ሲሊንደሩ አጠገብ የምትቆመዋ ነርስ መሆን አለባት።